የሚመለከተው ይመልከት

ተረት ተረት! «የላም በረት» ማለቱን ለዛሬ ተዉትና «የጠመኔ ቤት» በሉኝ፤ ተረቴ የሚነሳው ከጠመኔ ፋብሪካ በር ላይ ነውና።

ወንዝ መሃል ለመሃል በሚያቋርጣት አንዲት ከተማ ውስጥ አንድ የጠመኔ ፋብሪካ ነበረ። በፋብሪካው በር ላይ ደግሞ አማከለች የምትባል ፈታሽ ነበረች። ሴት ሠራተኞች ወደ ቤት ሲሄዱ ዘንቢላቸውንና ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ ታደርጋለች። ጠመኔ የሸጎጠች ካለች በጆሮዋ «እሱን እዚህ ተይልኝ የኔ ቆንጆ» ትላታለች እንጂ ሰው ፊት አታዋርዳትም። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ በር ላይ ስትቀመጥ ማንንም አሳፍራ አታውቅም። ስለዚህ ከትልቅ እስከ ትንሽ እትዬ አማከለች ይሏታል።

እትዬ አማከለች ከዓለም ነገር ሁሉ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግማሽ ቀን። አንድ ዓመት አላለች፣ አንድ ወር አላለች። ግማሽ ቀን፤ እሱንም አርብ ከሰዓት በኋላ።

ልጇ ትርሲት ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጎረቤት ከተማ ካለው የመምህራን ኮሌጅ ትመረቃለች። ወደዚያ የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ የቅዳሜው የሚደርሰው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው። ኮሌጁ ለእያንዳንዱ ተመራቂ ሁለት የእንግዳ ካርድ ሰጥቶ ነበር። ትርሲት አንዱን መለሰች። «ያለችኝ አንዲት ሰው ናት፤ ለአንዲት ሰው ሁለት ወንበር ምን ያደርግላታል?» አለች። ይህን የሰማች ዕለት የአማከለች ሆዷ ባባ። ያቺ አንዲት ሰው እሷ ናት። እሷ ካልሄደች ትርሲት ያስቀመጠችላት ወንበር ባዶውን ይውላል።

ትርሲት ፊደል የቆጠረችውም እዚሁ በር ላይ ነበር። ከአማከለች ወንበር በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ አለ። የፋብሪካው ማስታወቂያ ሁሉ የሚጻፈው እሱ ላይ ነበር፤ ስብሰባው፣ ለቅሶው፣ የፈረቃ ለውጡ። ከታች ያለችው ጥግ ግን የትርሲት ነበረች። ስብርባሪ ጠመኔ ለቅማ «ሀ ሁ» ትልባት ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ያቺን ጥግ አያጠፋባትም።

ባለፈው መስከረም ታዲያ ሰሌዳው ጡረታ ወጣ። ኤልዳና የምትባል ቀልጣፋ የኮምፒውተር ባለሙያ ተቀጠረችና ሰው ሁሉ በስልኩ የሚጻጻፍበት ነገር አመጣች። ሠራተኛው «መላላኪያው» አለው። ኤልዳና በመላላኪያው ውስጥ ለየክፍሉ አንድ አንድ ጓዳ ከፈተች፤ የማሸጊያ ጓዳ፣ የግምጃ ቤት ጓዳ፣ የማድረቂያ ጓዳ፣ የጥገና ጓዳ፣ የግዥ ጓዳ። «ከእንግዲህ መሯሯጥ የለም፤ ሁሉም ነገር በየጓዳው ይገኛል» አለች። ጓዳ ያልተከፈተለት በሩ ብቻ ነበር። የአማከለች ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፤ ትደውላለች፣ ትጮኻለች፣ ከዚያ ወዲያ ከእሷ የሚጠበቅ ነገር የለም። አማከለች ግን ልማድ ሆኖባት ሰሌዳው ላይ አልፎ አልፎ መጻፏን አልተወችም። ሠራተኛው አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ ያልፋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ኤልዳና ሰው መጻፍ እንዳይሰለቸው ብላ ከየመልእክቱ ሥር አንዲት ቁልፍ አበጀች። ሐሳቧ «መልእክትህን አይቼዋለሁ» ለማለት ነበር። ቃሉ ይጠርልኝ ብላ ግን «ይታያል» ብላ ጻፈችባት። ወይ ኤልዳና! ቢሮ ለቢሮ ተንከራታ ስለማታውቅ ነው እንጂ፣ በዚህ አገር ማመልከቻ ይዞ የዞረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ «ይታያል» ማለት ሂድ፣ ተመለስ፣ እስክትረሳው ድረስ ጠብቅ ማለት ነው። ላኪው «ይታያል» ሲባል እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ተቀባዩ «ይታያል»ን ሲጫን የሠራ ይመስለዋል። በሁለት ወር ውስጥ ፋብሪካው ሰላም በሰላም ሆነ፤ የሚጣላም ጠፋ፣ የሚሠራም ጠፋ።

አማከለች ግማሽ ቀኗን የጠየቀችው ሰኞ ነበር። የጥበቃው አለቃ ጌጤነህ «ለአስተዳደር ጽፌልዎታለሁ፤ ይታያል ብለዋል» አላት። ማክሰኞ ይታያል፤ ረቡዕ ይታያል፤ ሐሙስም ይታያል። አርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወንበሯ አጠገብ ካለው ገንቦ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ጠጣች። ገንቦውን ክብ በሆነ የወረቀት ጥቅል ላይ ነው ያስቀመጠችው፤ እንደ ማቶት ደግፎ ይዞላታል። ብርጭቆዋን ደፋች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ተነሳች። እስከ ማታ መውጫ ድረስ የሚፈተሽ ሰው ስለሌለ በሩን ለወንዱ ዘበኛ ተወችለት።

«ጌጤነህ፣ ልጄ፣ ዛሬ እኮ አርብ ነው» አለችው።

ጌጤነህ ጆሮውን አከከ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ የሚፈራ ሰው ነው። «እትዬ፣ እኔ ምን ከፋኝ? ተተኪ ከተገኘ ግማሽ ቀን እኔም መፍቀድ እችላለሁ። ግን ሴቶቹ አሥር ሰዓት ላይ ሲወጡ ማን ይፈትሻቸው? እኔ ልፈትሽ? ከማሸጊያ ብርቅነሽ ትተካዎት ብዬ ለማሸጊያ ጓዳ ጽፌያለሁ።»

«ምን አለችህ?»

«ይታያል።»

ብርቅነሽ ካልተነሳች ጌጤነህ አይለቅም፤ ጌጤነህ ካልለቀቀ አማከለች ትርሲትን አታይም።

አማከለች ወደ ማሸጊያ ሄደች። ስድስት ሴቶች እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ብርቅነሽ ካልሲ ትሠራለች፤ ሁለተኛው እግር ላይ ደርሳለች።

«ብርቅነሽ፣ የኔ ልጅ፣ ሥራ ከሌለሽ ምናለ ብትተኪኝ?»

«እትዬዬ፣ ሥራ የለንም፤ ግን ሥራ ላይ ነን!» አለች ብርቅነሽ። «የትምህርት ቤቶቹ ጠመኔ ሳይታሸግ ማንም ከዚህ እንዳይነቃነቅ ተብለናል። በምን እናሽገው? ካርቶን የለም። ለጋሽ ቢሻው በግምጃ ቤት ጓዳ ጻፍኩላቸው፤ ይታያል አሉኝ።»

ቢሻው ካልሰጠ ብርቅነሽ አትነሳም፤ ብርቅነሽ ካልተነሳች ጌጤነህ አይለቅም፤ ጌጤነህ ካልለቀቀ አማከለች ትርሲትን አታይም።

አማከለች ወደ ግምጃ ቤት ሄደች። ጋሽ ቢሻው የቁልፍ መዓት ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ከካርቶን ቁልል ፊት ቆመዋል። ሲታዩ ካርቶኑን ከሌባ ሳይሆን ከሠራተኛው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«ጋሽ ቢሻው፣ ካርቶኑን ምናለ ቢሰጧቸው?»

«አንቺ አማከለች፣ እኔን ልታስበዪኝ ነው?» አሉ። «እርጥብ ጠመኔ ካርቶን ውስጥ ከገባ ካርቶኑ ይሻግታል። ዓምና ሻግቶ ማን ተጠየቀ? ቢሻው! አሁን ደረቅ ጠመኔ በዓይኔ ሳላይ አንድም አላወጣ። ለአወል በማድረቂያ ጓዳ ጻፍኩለት። ይታያል አለኝ፤ ዓይኑ ይታይና!»

አወል ካላደረቀ ቢሻው አይሰጥም፤ ቢሻው ካልሰጠ ብርቅነሽ አትነሳም፤ ብርቅነሽ ካልተነሳች ጌጤነህ አይለቅም፤ ጌጤነህ ካልለቀቀ አማከለች ትርሲትን አታይም።

አማከለች ወደ ማድረቂያ ሄደች። ጠመኔው በየትሪው ተደርድሮ ተኝቷል። ትልቁ ማራገቢያ ቀጥ ብሏል። አወል በካርቶን ቁራጭ እያራገበ ላቡ ይንቆረቆራል።

«አወል፣ ምን ሆነሃል?»

«ላድርቀው ብዬ ነዋ እትዬ! ከሰኞ ጀምሮ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሷል። ይኸው በእጄ አራት ትሪ አደረቅኩ፤ የቀረው ሁለት መቶ ትሪ ነው።» ክንዱን አሻሸ። «ለዳምጠው በጥገና ጓዳ ጻፍኩለት። ይታያል አለኝ።»

አማከለች ሳቀች። ስትስቅ ግን ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነበር፤ አምስት ሰዓት ሞልቷል።

ዳምጠው ካልጠገነ አወል አያደርቅም፤ አወል ካላደረቀ ቢሻው አይሰጥም፤ ቢሻው ካልሰጠ ብርቅነሽ አትነሳም፤ ብርቅነሽ ካልተነሳች ጌጤነህ አይለቅም፤ ጌጤነህ ካልለቀቀ አማከለች ትርሲትን አታይም።

አማከለች ወደ ጥገና ሄደች። ከአንድ አሮጌ ማሽን ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል፤ የዳምጠው ናቸው።

«አንተ ዳምጠው! ተኝተህ ነው ወይስ እየሠራህ?»

«ሁለቱንም» አለ ከሥር። ፊቱ ግራሶ ለብሶ ብቅ አለ። «እትዬ፣ እናቴ ትሙት፣ ቺንጋው ከመጣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከሌለ በምን ላዙረው? በሱሪዬ ቀበቶ?» ደግሞ ያደርገዋል ብላ አማከለች ቀበቶውን አየት አደረገች። «ለፈቲያ በግዥ ጓዳ ጻፍኩላት። ይታያል አለችኝ።»

ፈቲያ ካላቀበለች ዳምጠው አይጠግንም፤ ዳምጠው ካልጠገነ አወል አያደርቅም፤ አወል ካላደረቀ ቢሻው አይሰጥም፤ ቢሻው ካልሰጠ ብርቅነሽ አትነሳም፤ ብርቅነሽ ካልተነሳች ጌጤነህ አይለቅም፤ ጌጤነህ ካልለቀቀ አማከለች ትርሲትን አታይም።

አማከለች ወደ ግዥ ክፍል ሄደች። ደረጃ ነበረው፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወድም። ፈቲያ ከስልኳ ቀና ስትል አማከለች ግድግዳ ተደግፋ ታለከልካለች። ዘላ ወንበር አቀበለቻት።

«ምነው እትዬ? ምን ሆኑብኝ?»

ያኔ አማከለች የያዘችው ሁሉ ፈሰሰ። «አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ ፈቲያ። አንዲት ወንበር አስቀምጣልኛለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ይሄዳል፤ እኔ ከጓዳ ጓዳ ስዞር ልቀር ነው። ግማሽ ቀን እኮ ነው የለመንኩት!» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ፈቲያም ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ወላሂ እትዬ፣ እኔ ቺንጋውን ማክሰኞ ጠዋት ገዝቼ በሹፌሩ በጥጋቡ ልኬዋለሁ! ‹ዕቃው ደረሰ ወይ?› ብዬ በመላላኪያው ጠየቅኩት።»

«ምን አለሽ?»

ፈቲያ አፍራ ስልኳን አዞረችላት። አማከለች ማንበብም አላስፈለጋት።

ጥጋቡ ካልተናገረ ፈቲያ አታቀብልም፤ ፈቲያ ካላቀበለች ዳምጠው አይጠግንም፤ ዳምጠው ካልጠገነ አወል አያደርቅም፤ አወል ካላደረቀ ቢሻው አይሰጥም፤ ቢሻው ካልሰጠ ብርቅነሽ አትነሳም፤ ብርቅነሽ ካልተነሳች ጌጤነህ አይለቅም፤ ጌጤነህ ካልለቀቀ አማከለች ትርሲትን አታይም።

«ለመሆኑ ደውለሽለታል?» አለች አማከለች።

«መደወል?» አለች ፈቲያ። ግራ ገባት። «በስልክ?»

አማከለች ባለ ቁልፍ ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ተጫነችው። ጥጋቡ መኪናውን ዳር አስይዞ አነሳው።

«ጥጋቡ ልጄ፣ ማክሰኞ የተላከብህን ዕቃ የት አደረስከው?»

«እትዬ አማከለች!» አለ ጥጋቡ እየሳቀ። «ይቀልዳሉ እንዴ? ለእርስዎ አይደል እንዴ የሰጠሁት! ግምጃ ቤቱ ለምሳ ተዘግቶ ነበር። ክብ ነገር፣ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ‹ለሚመለከተው ክፍል› የሚል የተጻፈበት። ‹የሚመለከተው ሰው መጥቶ ይወስደዋል› ብዬዎት አልነበረም?»

አማከለች ስልኩን ዘጋች። አፏ ደረቀ፤ ውሃ አማራት፤ ውሃው ደግሞ ያለው ገንቦው ውስጥ ነው፤ ገንቦው ያለው... «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ተነሳች።

ደረጃውን የማይወደው ጉልበቷ ደረጃውን ሲወርድ አልተሰማትም። ፈቲያ ከኋላዋ ሮጠች። ዳምጠው ሁለት ሴቶች ሲሮጡ አይቶ ተከተለ። ዳምጠው ሲሮጥ አይቶ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ አወልም «ምን መጣ?» ብሎ ተከተለ፤ ብርቅነሽ ከነካልሲዋ፣ ጋሽ ቢሻው ከነቁልፋቸው ወጡ። ኤልዳናም ጫጫታውን ሰምታ ከቢሮዋ ወረደች። በሩ ላይ ሲደርሱ አማከለች ገንቦዋን በሁለት እጇ አነሳች። ከሥሩ ክብ ጥቅል አለ፤ ወረቀቱ በውሃ ዙሪያውን ረጥቧል። ዳምጠው ቀደደው። ጥቁር፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ቺንጋ ብቅ አለ።

«አራት ቀን ሙሉ!» አለ ጌጤነህ። «እትዬ፣ አራት ቀን እዚህ ተቀምጦ ለምን አልነገሩንም?»

አማከለች ማፈሯ በአንድ ጊዜ ለቀቃት። በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ በር ላይ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«አልነገሩንም? ቀና በሉ!»

ሁሉም ቀና አሉ። በሰሌዳው ላይ፣ በፋብሪካው ምርጥ ጠመኔ፣ ክንድ በሚያካክሉ ፊደሎች ተጽፏል፤

ዕቃ መጥቷል። የሚመለከተው ይመልከት። አማከለች፣ ማክሰኞ።

«በዚህ ሥር ጠዋት ትገባላችሁ፣ ማታ ትወጣላችሁ» አለች። «ይታያል እኮ! ይታያል! ከዚህ እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ ይታያል!»

ፈቲያ ጥቅሉ ላይ «ለሚመለከተው ክፍል» ብላ በገዛ እጇ መጻፏ ትዝ ብሏት ፊቷን ሸፈነች። ኤልዳና ግን ሰሌዳውን አየች፣ ስልኳን አየች፣ ደግሞ ሰሌዳውን አየች። «እትዬ፣ ይቅርታ» አለች። «ለሁሉም ጓዳ ስከፍት በሩን ረሳሁት።»

«ቤት በጓዳ አይገባም የኔ ልጅ» አለች አማከለች ረጋ ብላ። «በበር ነው።»

ከዚያ በኋላማ ምን ልንገራችሁ! ጥጋቡ ተናገረ፣ ፈቲያ አቀበለች፤ ፈቲያ ስታቀብል ዳምጠው ጠገነ፤ ዳምጠው ሲጠግን ማራገቢያው ጉርር ብሎ ተነሳ፣ አወልም አደረቀ፤ አወል ሲያደርቅ ጋሽ ቢሻው ጠመኔውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው ካርቶኑን ሰጡ፤ ቢሻው ሲሰጡ ብርቅነሽ ልትነሳ አለች። አንድ ነገር ቀረ፤ ብርቅነሽ ብትነሳ በእሷ ቦታ ማን ያሽግ? ኤልዳና እጅጌዋን ሰበሰበችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እስከ ክርኗ ነጭ ሆና አመሸች ይላሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ካርቶኖች ግን ገልብጣ ነው ያሸገቻቸው።

ብርቅነሽ በር ላይ ስትቆም ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር። አማከለች ጌጤነህ ፊት ቆመች። «እንግዲህ፣ ግማሽ ቀኔስ?»

«ይታ...» አለ ጌጤነህ ልማድ ሆኖበት። ሁሉም ዞረው አዩት። ምራቁን ዋጠ። «ይሂዱ እትዬ! ይሂዱ፣ ይሩጡ! ትርሲትን እንኳን ደስ ያለሽ በሉልን!»

አማከለች ፌስታሏን አንጠለጠለች። በሩን አልፋ ከሄደች በኋላ አንድ ነገር ትዝ አላትና ተመለሰች። ጠመኔ አነሳች፣ የማክሰኞውን በመዳፏ አጠፋች፣ ሌላ ጻፈችና ወደ አውቶቡሱ ገሰገሰች።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ትርሲት ጥቁር ካባዋን ለብሳ፣ አንገቷን አስግጋ፣ በሺህ ሰው መሃል አንዲት ወንበር ፈለገች። በሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ቆማ በጠመኔ የነጣ መዳፏን ታወዛውዛለች። «ተቀመጪ!» ይሏታል ከኋላዋ ያሉት፤ እሷ እቴ፣ የሚሰማ ጆሮ የት አምጥታ።

በመላላኪያው ላይ ያቺ ቁልፍ ከዚያ ቀን ወዲህ «መጣሁ» ትላለች። የተጫናት ሰው መምጣት አለበትና ሰው ሳያስብ አይነካትም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ኤልዳና ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በስልኳ አንስታ ለየጓዳው ትልካለች። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በሩ ሥር ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ሰሌዳውን አነበበ። እስከ ሰኞ የሚያጠፋው ሰው አልተገኘም። እንዲህ ይላል፤

አማከለች የለችም። የሚመለከታትን ልታይ ሄዳለች።

ተረቴን መልሱ፤ እጄን ከጠመኔ አብሱ።